ለጽዳት ስድስት ነጥብ

ሐምሌ 26 ቀን 2017፣ ቅዳሜ

የልጆች ሊጋችን የደረጃ ሰንጠረዥ ዛሬ ጠዋት ናይሮቢ፣ ካዋንግዋሬ ሜዳ ዳር ባለችው ሻይ ቤት ግድግዳ ላይ ተለጠፈ። መዝገቡን የምይዘው እኔ ስለሆንኩ ክርክሩም ወደ እኔ መጣ። ከ14 ዓመት በታች ባለው ምድብ አንደኛ የሆነው ቡድን ከተጫወተው ግማሹን እንኳ አላሸነፈም። ሁሉንም ያሸነፈው ሦስተኛ ነው። የሦስተኛው ቡድን አምበል ቁመቱ ትከሻዬ አይደርስም፤ ጣቱን ወረቀቱ ላይ ተክሎ "አንቲ፣ እዚህ ጋ ተሳስተሻል" አለኝ።

ቁጭ ብለን አብረን ደመርን። ለድል ሦስት፣ ለአቻ አንድ። የሰፈሩን የፍሳሽ ቦይ ለጠረገ ቡድን ደግሞ ስድስት። የእሱ ቡድን ልጆች ሁለት ቅዳሜ አካፋ ሊይዙ ሳይመጡ ቀርተዋል፤ አሥራ ሁለት ነጥብ የሄደው እዚያ ላይ ነው። ልጁ ዝም ብሎ ቆየና "የሚቀጥለው ጽዳት መቼ ነው?" ብሎ ጠየቀ። ነገርኩት። ወዲያው ሮጦ ጓደኞቹን ሰበሰበ።

እኔ የምኖረው ኪሌሌሽዋ ነው። ድሮ ሰፋፊ ግቢ ያላቸው ቪላዎች የነበሩበት ሰፈር አሁን ፎቅ በፎቅ ሆኗል። ካዋንግዋሬ ላቪንግተንን ተሻግሮ ነው፤ በእግር አንድ ሰዓት አይፈጅም። ጠዋት ጠዋት በጊታንጋ መንገድ ወደ እኛ የሚመጣው ሰው ብዙ ነው፦ ዘበኛው፣ ልብስ አጣቢዋ፣ ግንበኛው፣ አትክልተኛው። ከእኛ ሰፈር ወደዚያ የሚሄድ ሰው ግን እምብዛም አላይም። የሚሄደው ቆሻሻችን ሳይሆን አይቀርም።

ሐምሌ 27፣ እሁድ

ስድስት ነጥቡን የቀዳነው ማታሬ ከሚባለው ሌላው የናይሮቢ ሰፈር ነው። የወንዶቹ አሰልጣኝ ያደገው እዚያ ስለሆነ ነገሩን በቃሉ ያውቀዋል። እ.ኤ.አ. በ1987 ቦብ መንሮ የሚባል ካናዳዊ፣ በአካባቢ ጥበቃ ጉዳይ የተባበሩት መንግሥታት አማካሪ የነበረ ሰው፣ የማታሬ ልጆች በፌስታል ኳስ ሲጫወቱ አየ። ኳስና ዳኛ ይኖራችኋል፣ በምላሹ እናንተም ሰፈራችሁን ታጸዳላችሁ ብሎ ተዋዋላቸው። የማታሬ ወጣቶች ስፖርት ማኅበር፣ ሰዉ በአጭሩ ማይሳ የሚለው፣ የተጀመረው እንዲህ ነው። ልጆቹ አንድ ነገር ሲሠሩ ማኅበሩም አንድ ነገር ይሠራል፤ እነሱ ካልሠሩ ማኅበሩም እጁን ያጣጥፋል። ውሉ ያው ነው፣ እስከ ዛሬም አልተለወጠም።

አሰልጣኙ ሲያወራ ዋንጫውን አያስቀድምም፤ ዋንጫ ጠፍቶ ግን አይደለም። ማኅበሩ ያሳደጋቸው ልጆች እ.ኤ.አ. በ1994 ማታሬ ዩናይትድ ሆነው ተደራጁ፣ በ1998ና በ2000 የኬንያን የጥሎ ማለፍ ዋንጫ ወሰዱ፣ በ2008 የፕሪሚየር ሊጉ ሻምፒዮን ሆኑ። እሱ የሚያወራው ግን በ13 ዓመቱ የዞን ጸሐፊ ሆኖ ስለ መመረጡ ነው። የጨዋታ ፕሮግራም የሚያወጡት፣ ክስ የሚሰሙት፣ ማልያ የሚቆጥሩት ልጆቹ ራሳቸው ነበሩ። "ቤት ውስጥ ማንም ሐሳቤን አይጠይቀኝም ነበር፤ እዚያ ግን ፊርማዬ ካልኖረ ጨዋታ አይደረግም" አለኝ። ማኅበሩ ከ20,000 በላይ ወጣቶችን ያቀፈ መሆኑን ሰምቼ ስደነቅ ኖሬያለሁ። ይቺ ፊርማ ግን ከቁጥሩ ይልቅ ነገሩን አስረዳችኝ።

ጽዳቱን ለማስመሰል የተጨመረ ነገር አድርጎ የሚያይ ሰው የናይሮቢን ዝናብ አላየም። እ.ኤ.አ. በኤፕሪል 2024 ወንዙ ሞልቶ ማታሬ ውስጥ ሰው ወስዷል፣ ቤት አፍርሷል። የተደፈነ ቦይ የሚገድለው ከሁሉ በፊት እነዚህኑ ልጆች ነው።

ነሐሴ 3፣ ቅዳሜ

የሴቶቹ ጨዋታ ለሦስት ሰዓት ተቀጥሮ አራት ሰዓት ተኩል ላይ ተጀመረ። ምክንያቱን ማንም አልጠየቀም፤ ሁላችንም እናውቀዋለን። ቅዳሜ እናቶቻቸው ልብስ ሊያጥቡ የሚወጡበት ቀን ነው። ጠዋት በአሥራ ሁለት ሰዓት ከቤት ወጥተው ኪሌሌሽዋና ላቪንግተን መንገድ ዳር ይቀመጣሉ፤ የሚጠራቸው ከተገኘ የአንድ ቀን ገንዘብ ይዘው ይመለሳሉ። "ማማ ፉዋ" ይሏቸዋል። እናት ስትወጣ ቤት የሚቀረው ልጅ፣ ውኃው፣ ምሳው፣ ሁሉም የትልቋ ሴት ልጅ ነው።

የግራ መስመር ተጫዋቻችን የዓመት ከስድስት ወር ወንድሟን ካንጋ በሚሉት ጨርቅ አዝላ መጣች። ታኬታ የላትም፤ በሸራ ጫማ ነው የምትጫወተው። ሕፃኑን ከጀርባዋ ፈትታ ለእኔ ሰጠችኝ፤ ካንጋውን አጥፋ ትከሻዬ ላይ ጣለችው፣ ከኪሷ በላስቲክ የተቋጠረ የተቀቀለ ስኳር ድንች አውጥታ "ሲያለቅስ ትንሽ ትንሽ ስጪው፣ ሙሉውን ከሰጠሽው ይጥለዋል" ብላኝ ገባች። አሥራ ሦስት ዓመቷ ነው። የመጀመሪያው አጋማሽ ሲያልቅ ውኃ ሳትጠጣ መጥታ የሕፃኑን ሽንት ጨርቅ ቀየረችና ተመልሳ ገባች። በሁለተኛው አጋማሽ ከመስመር ያሻማችው ኳስ ጎል ሆነ። ሌሎቹ ሲተቃቀፉ እሷ ዞር ብላ ወንድሟን ታይ ነበር።

ማይሳም ይህንኑ ተጋፍጧል። ወንዶቹ ለኖርዌይ ዋንጫ ኦስሎ ሄደው ሴቶች ሲጫወቱ አይተው ተመለሱ፤ የሴቶቹ ቡድኖች እ.ኤ.አ. በ1992 ተጀመሩ። ወላጅን ማሳመኑ ግን ሌላ ሥራ ነበር፤ ሴት ልጅ ሜዳ ስትውል ውኃ ማን ይቀዳል? ጥያቄው የእናቶቹ ክፋት አይደለም፣ ኑሮው ያወጣው ጥያቄ ነው። ስለዚህ "ሴቶችም ይጫወቱ" ብሎ ኳስ መወርወር አይበቃም። ሜዳው ዳር ሕፃን የሚይዝ ሰው ያስፈልጋል። ሰዓቱ ከእናቶቹ ሰዓት ጋር መስማማት አለበት። ጨዋታው ሲያልቅ ሳይመሽ ቤት የሚያደርስ ሰው መኖር አለበት። እኛ ዘንድ ይህን የሚሠሩት በተራ የሚመደቡ ሦስት ሴቶች ናቸው፤ ስማቸው የትም ሪፖርት ላይ የለም። የሴቶቹ ቡድን ያለ እነሱ አንድ ሳምንት አይቆምም።

ማታ ኪሌሌሽዋ ስመለስ የካንጋው ሽታ ልብሴ ላይ ነበር፤ የልጅ ላብና የከሰል ጭስ።

ነሐሴ 4፣ እሁድ

ኬንያ ሞሮኮን 1 ለ 0። ካሳራኒ ስታዲየም ትኬት አላገኘንም፤ ከአሰልጣኙና ከልጆቹ ጋር ካዋንግዋሬ ቪዲዮ ቤት ተጠጋግተን አየን። ራያን ኦጋም ከእረፍት በፊት አገባ፤ ብዙም ሳይቆይ አንድ የኬንያ ተጫዋች በቀይ ወጣ። ሁለተኛውን አጋማሽ በሙሉ በአሥር ሰው ተከላከሉ። ሲያልቅ የቤቱ ቆርቆሮ የሚነሣ መሰለኝ።

ቻን የሚባለው ውድድር አገር ውስጥ ሊግ ላይ ለሚጫወቱ ብቻ ነው፤ ኬንያም ስትሳተፍ የመጀመሪያዋ ነው። ልጆቹ ያበዱት ለዚህ ይመስለኛል። እነዚህ ተጫዋቾች አውሮፓ ሆነው በቴሌቪዥን የሚታዩ ሳይሆኑ ማታቱ የሚሉት ሚኒባስ ላይ ያገኟቸው ሰዎች ናቸው። ዋና አሰልጣኙ ቤኒ ማካርቲም የኬፕታውኑ ሃኖቨር ፓርክ ልጅ ነው፤ ያደገው ወሮበላ ቡድኖች በሚታኮሱበት ሰፈር ነው። እ.ኤ.አ. በ2004 ከፖርቶ ጋር የአውሮፓን ሻምፒዮንስ ሊግ አነሣ። ይህን ለልጆቹ ስነግራቸው አንዱ "ታዲያ እኛም እንችላለን" አለ። ቪክቶር ዋንያማን አነሣሁለት፤ ልጅ ሳለ ከዚሁ ከካዋንግዋሬ በወጣው ናይሮቢ ሲቲ ስታርስ ተጫውቶ፣ እ.ኤ.አ. በ2012 ለሴልቲክ ባርሴሎና ላይ በጭንቅላት ጎል ያገባው።

ወደ ቤት ስሄድ ግን ነገሩ ከነከነኝ። ፕሬዚዳንቱ ቡድኑ ላሸነፈበት ጨዋታ ለእያንዳንዱ ተጫዋች 1 ሚሊዮን ሽልንግ ቃል ገብተዋል፤ ልጆቹ ከጎሉ እኩል ስለ ገንዘቡ ሲያወሩ አመሹ። አልፈርድባቸውም፣ አንድ ሚሊዮን ሽልንግ የቤተሰባቸው የብዙ ዓመት ኪራይ ነው። ነገር ግን ዋንያማ አንድ ነው። በሊጋችን መዝገብ ላይ ከአራት መቶ በላይ ስም አለ፤ ከመካከላቸው አንድም ሰው ኳስ ተጫውቶ ባይከብር ሥራችን ከንቱ ነው ወይ? አይደለም ብዬ አምናለሁ፣ በሙሉ ልቤ። ለችግረኛ ልጅ "ኳስ ያወጣሃል" ብሎ መንገር ከመቶ ዘጠና ዘጠኙን በአሥራ ስምንት ዓመቱ ወድቆ የቀረ ሰው ማድረግ ነው። እውነቱን መንገር ይሻላል፦ ኳሱ የሚሰበስብህ ነው፤ ከተሰበሰብክ በኋላ ግን የምትማረው መዝገብ መያዝን፣ መዳኘትን፣ ታናሽን ማሠልጠንን፣ በሰዓት መገኘትን ነው። አሰልጣኞችና ወላጆች ለልጁ የሚሰጡት የተስፋ ዓይነት የሚያሳስበኝ ለዚህ ነው።

ነሐሴ 7፣ ረቡዕ

ዛሬ ሁለት ኳስ ፈነዳ። የሜዳው ጠጠር ኳስ አያከብርም።

ጁዋላ የሚሉት የፌስታል ኳስ አሁን ብርቅ ሆኗል። ኬንያ እ.ኤ.አ. በኦገስት 2017 ፌስታልን በሕግ ስትከለክል ኳሱም አብሮ መጥፋት ጀመረ፤ ዛሬ ልጆቹ የሚሠሩት በጨርቅ፣ በስፖንጅና በሲባጎ ነው። አንድ የስምንት ዓመት ልጅ ሲሠራ አጠገቡ ተቀመጥኩ። ስፖንጁን መሐል አደረገ፣ የተቀደደ ካልሲ አለበሰው፣ ሲባጎውን እያጠበቀ በየአቅጣጫው ጠመጠመ፣ በየዙሩ መሬት ላይ እያነጠረ መሞከሩን አልተወም። ሲያጋድል ፈታና እንደገና ጀመረ። አዲስ አበባ የጨርቅ ኳስ የሠራ ሰው ሁሉ ይህን ያውቃል፤ እጁ ከወንድሜ እጅ አይለይም።

ለጠጠር ሜዳ የሚሆነውን ጠንካራ ኳስ የሚሰፋ አላይቭ ኤንድ ኪኪንግ የሚባል ድርጅት አለ፤ እ.ኤ.አ. በ2004 ጂም ኮጋን የተባለ እንግሊዛዊ ያቋቋመው። ኳሶቹ ናይሮቢ ውስጥ በእጅ ይሰፋሉ፣ ላያቸው ላይ ስለ ጤና የተጻፈ መልእክት አለ። ለሚቀጥለው ወር አምስት እንዲገዛ በጀቱ ላይ ጻፍኩ። ከውጭ ከሚመጣ የእርዳታ ኳስ ይልቅ እዚሁ ሰው ሠርቶ እንጀራ የበላበትን እመርጣለሁ።

ነሐሴ 10፣ ቅዳሜ

ከ16 ዓመት በታች ጨዋታ ላይ ጠብ ተነሣ። አንዱ ተከላካይ ሌላውን ጠለፈው፣ ተጠላፊው ተነሥቶ በብሔሩ ሰደበው። እዚህ አገር ያ ቃል ቀላል አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2007 ማብቂያ ከተደረገው ምርጫ በኋላ የሆነውን ታላላቆቻቸው አይተዋል፤ በኦክቶበር 2017 ደግሞ ምርጫው ሲደገም እዚሁ ካዋንግዋሬ ጎረቤት ከጎረቤት ተጋጭቷል። እነዚህ ልጆች ያኔ ስድስት ሰባት ዓመታቸው ነበር።

ዳኛው፣ እሱም የ17 ዓመት ልጅ፣ ፊሽካውን ነፋ፤ ቀይ ካርድ ግን አላወጣም። ሁሉንም መሐል ሜዳ ላይ አስቀመጣቸው። ጨዋታው ቆሞ ሃያ ደቂቃ ያህል ተነጋገሩ። እኔ መጀመሪያ ላይ ልግባ ብዬ ነበር፤ አሰልጣኙ ክንዴን ይዞ አስቀረኝ። በመጨረሻ ተሳዳቢው ራሱ "ለአንድ ጨዋታ ልውጣ" አለ። ጠላፊውም ጥፋቱን አመነ። ጨዋታው የቀጠለው በተስማሙበት ውጤት ነው።

ይህ አሠራር መነሻው ኮሎምቢያ ነው። እ.ኤ.አ. በ1994 አንድሬስ ኤስኮባር በዓለም ዋንጫ በራሱ ግብ ላይ ኳስ አስቆጥሮ አገሩ በተመለሰ በቀናት ውስጥ ሜዴሊን ላይ ተገደለ። እዚያ ይኖር የነበረው ጀርመናዊው ዩርገን ግሪስቤክ ከዚያ በኋላ የተፋጠጡ ሰፈሮችን ልጆች የሚያገናኝ ጨዋታ አደራጀ። ወንድና ሴት ተቀላቅለው ይጫወታሉ፣ የመጀመሪያዋን ጎል ሴት ታገባለች፣ ዳኛ የለም፤ ደንቡን ቀድመው ይስማማሉ፣ ሲያልቅ ቁጭ ብለው ጠባያቸውን ይመዝናሉ፣ ለጠባይም ነጥብ አለ። ዛሬ በብዙ አገር ይሠራበታል። እኛ ሙሉውን አልወሰድነውም፤ ትልልቆቹ ወንዶች ያለ ዳኛ እሺ አይሉም። ንግግሩን ግን ወስደናል። በዛሬው ሃያ ደቂቃ ልጆቹ ካርድ የማያስተምረውን ነገር ሲማሩ አይቻለሁ፤ የተሰደበው ልጅ በመጨረሻ ላይ ጥፋቱን ሲያምን ስሰማ ብዙ አዋቂ እንዲህ መናገር አይችልም አልኩ።

ነሐሴ 13፣ ማክሰኞ

ቡሄ። ከጠዋት ጀምሮ ሙልሙል ጋገርኩ። ግቢያችን ውስጥ ያሉት የሐበሻ ልጆች ዱላቸውን ይዘው ሆያ ሆዬ እያሉ በየፎቁ ዞሩ፤ ዘበኛው ሊፍቱን ከፍቶ አብሯቸው ያጨበጭብ ነበር።

አመሻሽ ላይ በረኛችን ከካዋንግዋሬ መጣ። ኢትዮጵያዊ ነው፣ 16 ዓመቱ፣ ቤተሰቡ ስደተኛ ነው። ሁለት ኬንያዊ ጓደኞቹን ይዞ ደጃፌ ቆመ፤ ዜማውን አስጠንቷቸዋል፣ አንደኛው ከእሱ ይበልጥ ይጮሃል። ለሦስቱም ሙልሙል ሰጠኋቸው። "እትዬ፣ እነዚህ በሚቀጥለው ዓመትም ይመጣሉ፣ ከአሁኑ እወቂው" አለኝ።

ይህ ልጅ ልጅነቱን ያሳለፈው ካኩማ የስደተኞች ካምፕ ነው። ማይሳ እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጨረሻ እዚያም ሊግ አቋቁሞ ነበር፤ የደቡብ ሱዳኑ፣ የሶማሌው፣ የኢትዮጵያዊው ልጅ ሜዳ ላይ እንዲገናኝ። በረኛችን ከዚያ በኋላ የተወለደ ቢሆንም ኳስ የያዘው በዚያው አቧራ ላይ ነው። ናይሮቢ ሲመጣ ስዋሂሊው የካምፕ ስዋሂሊ ስለነበር ትምህርት ቤት ይሳቅበት እንደነበር ነግሮኛል። በረኛ ደግሞ ዝም ማለት አይችልም፤ ተከላካዮቹን ማዘዝ አለበት። ቋንቋውን ያረመው እዚያው ጎሉ መሐል ቆሞ እየጮኸ ነው።

አገራችን ውስጥም ነገሩ አለ። የሰፈር ታዳጊ ቡድንን ሁላችንም "ፕሮጀክት" ነው የምንለው፤ አንድ በጎ ፈቃደኛ አሰልጣኝ፣ አንድ ጆንያ ኳስ፣ ከጠዋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ልምምድ። ስንቱ ተጫዋች ከዚያ ወጥቷል። ስፖርት ዘ ብሪጅ የሚባለው ከስዊዘርላንድ የመጣ ድርጅትም አዲስ አበባ ላይ ጎዳና የወጡ ልጆችን በስፖርት ሰብስቦ ወደ ትምህርትና ወደ ቤተሰብ የመመለስ ሥራ ሠርቷል። የእኛ ፕሮጀክቶች ግን ብዙውን ጊዜ የሚንጠለጠሉት በአንድ አሰልጣኝ ትከሻ ላይ ነው። እሱ ሲታመም ወይም አገር ሲለቅ ቡድኑ ይበተናል። ልጆቹ መዝገቡን ቢይዙ፣ ፕሮግራሙን ቢያወጡ፣ ክሱን ቢሰሙ አይበተንም ነበር። እዚህ ያየሁትን ሁሉ ትቼ አንዱን ብቻ ይዘሽ ሂጂ ብባል የምይዘው ይህንን ነው።

ነሐሴ 16፣ ዓርብ

የፍልሰታ ጾም አበቃ። ኬንያ በመለያ ምት በማዳጋስካር ተሸንፋ ከቻን ሩብ ፍጻሜ ወጣች። ውጭው ጸጥ ብሏል። አሰልጣኙ ስልክ ደውሎ ስለ ጨዋታው አንድም ቃል ሳይናገር የነገውን ስብሰባ አስታወሰኝ።

ነሐሴ 17፣ ቅዳሜ

ሰኞ ትምህርት ይከፈታል። ዛሬ የትምህርት ክፍያ ሽልማቱ ተወሰነ። ማይሳ ይህን ቀድሞ ሠርቶበታል፦ ሽልማቱ ለጎል አግቢ አይሰጥም፤ ነጥብ የሚሰበሰበው ታናናሾችን በማሠልጠን፣ በመዳኘት፣ በጽዳት፣ በመልካም ጠባይ ነው፤ ለጨዋነት የሚወጣ አረንጓዴ ካርድም አላቸው። ገንዘቡ ለልጁ በእጁ ሳይሆን በቀጥታ ለትምህርት ቤቱ ይገባል። የቀን ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት በመንግሥት ይሸፈናል ቢባልም የምሳው፣ የዩኒፎርሙና የመጽሐፉ ወጪ ልጁን ከቤት ያስቀረዋል።

ዘንድሮ ያለን ገንዘብ ለሦስት ልጆች ብቻ ይበቃል። አንደኛ የወጣው በረኛው ነው፤ ከ10 ዓመት በታች ያሉትን ሙሉ ዓመት አሠልጥኗል። ሁለተኛው በሃያ ደቂቃው ንግግር ያየሁት ዳኛ ነው። የኮከብ አጥቂያችን አጎት ተቆጥቶ መጣ። "አሥራ ዘጠኝ ጎል ያገባ ልጅ እያለ ለበረኛ ይሰጣል? ያውም ለእንግዳ?" አለ። ከልጆቹ ምክር ቤት ሰብሳቢዋ፣ የ15 ዓመት ልጅ፣ መዝገቡን ገልጣ አሳየችው። "ይኸው ባባ፣ የእያንዳንዱ ቅዳሜ እዚህ አለ። ልጅዎ ጽዳት የመጣው አንድ ጊዜ ነው። ከዛሬ ጀምሮ ቢመጣ ለሚቀጥለው ዓመት ይደርስበታል" አለችው። አጎትዬው መዝገቡን ረጅም ጊዜ አየ። ፊርማዎቹን አንድ በአንድ ጠየቃት፣ አንድ በአንድ መለሰችለት። በደስታ አልሄደም፤ ግን ተበድያለሁ ብሎም አልሄደም። እኔ አፌን አልከፈትኩም፣ መክፈትም አላስፈለገኝም።

ሦስተኛዋ የግራ መስመር ተጫዋቿ ናት። ነጥቧ በቅቷታል። ችግሩ ግን ባለፈው ወሰነ ትምህርት ማብቂያ ላይ ትምህርት ማቋረጧ ዛሬ መታወቁ ነው፤ እናቷ ሥራ ስትሄድ ሕፃኑን የሚይዝ ሰው የለም። ሽልማቱ የሚከፈለው ለትምህርት ቤት ስለሆነ ካልተመዘገበች ገንዘቡ ለአራተኛው ያልፋል። የምክር ቤቱ ልጆች ይህን አልተቀበሉም። አንድ ሰዓት ተከራከሩና እስከ ሰኞ ጠዋት ይጠበቅ ብለው ወሰኑ።

የሴቶቹ አሰልጣኝ ሰፈራቸው ውስጥ በቀን 100 ሽልንግ ሕፃን የምትይዝ ሴት አግኝታለች። በሳምንት አምስት ቀን ሲሆን 500 ነው። ሦስቱ ተራ ጠባቂ ሴቶች ሁለቱን ቀን በነፃ እንይዛለን አሉ፤ 300 ቀረ። እኔ ኪሌሌሽዋ ፎቃችን ላይ እናትየዋን በቋሚነት በሳምንት ሁለት ቀን የሚያሠሩ ሁለት ጎረቤቶች አናግሬ እሺ ብለውኛል፤ ቋሚ ቀን ካላት መንገድ ዳር ቁጭ ብላ መጠበቁ ይቀርና የምትከፍለው አታጣም። ነገ ከቅዳሴ በኋላ እኔና የሴቶቹ አሰልጣኝ እናቷ ቤት እንሄዳለን። ዩኒፎርሟ ጠቧት እንደሆነም መጠየቅ አለብኝ።